የሳን አንድሪያስ ጉም

ኦ፣ ኦ፣ ኤል ዋን፣ ኦ፣ ኦ፣ ኦ፣ ኤል ዋን፣ ኤል ቱ፣ አር ዋን፣ ትሪያንግል፣ ኦ፣ ትሪያንግል።

ይህን ሳይሳሳት በቃሉ የሚወጣ ሰው ካገኛችሁ ልጅነቱን የት እንዳሳለፈ አትጠይቁት። ጌም ቤት ነው። ኮዱ በመጫወቻው ቁልፎች በትክክል ከተመታ ጨዋታው ውስጥ ታንክ ከሰማይ ዱብ ይላል። ደሴ ውስጥ እኔ ባደግሁበት ሰፈር የነበረው ጌም ቤት ግድግዳው ላይ ይህ ኮድ በእስክሪብቶ ተጽፎ ነበር። ባለቤቱ ሁለቴ ቀለም አስቀባው። ሁለቴም በሳምንቱ ተመልሶ ተጻፈ።

ጨዋታው ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ነው። ሰሞኑን ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ኮምቦልቻ ያለው የእህቴ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ለእረፍት መጥቶ ላፕቶፑ ላይ የታደሰውን እትም ጭኖ ቁጭ ብሏል። እኔ ቡና ልጠጣ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። በኮድ አውሮፕላን አወጣና ሽቅብ ተነሳ። ከላይ ሲሆን የጨዋታው ሦስቱም ከተሞች ባንዴ ታዩ። ተራራው፣ በረሃው፣ ድልድዮቹ፣ ሁሉም ትሪ ላይ እንደቀረበ ምግብ ተዘርግተዋል። ልጁ ዞር አለ።

«ጋሼ፣ ትልቅ ትልቅ የምትሉት ይሄን ነው እንዴ? ከዚህ ጫፍ እዚያ ጫፍ ይታያል እኮ!»

መልስ አጣሁ። ልጁ ያየው ትክክል ነው። እኔ የማስታውሰውም ትክክል ነው። በእኔ ጊዜ ከሎስ ሳንቶስ ወጥተህ፣ ገጠሩን አቋርጠህ ሳን ፊየሮ ስትገባ አገር የለቀቅህ ያህል ይሰማህ ነበር። መሬቱ ያው ነው። አንድ ክንድ አልተጨመረበት፣ አንድ ክንድ አልተቀነሰለት። ታዲያ ምን ሆኖ ጠበበ? ይህን ለልጁ ላስረዳ ስሞክር የጨዋታው ብርታትና ድክመት ከአንድ ምንጭ እንደሚቀዱ ገባኝ።

ለማያውቀው ባጭሩ ላስተዋውቅ። ጂቲኤ ወንጀለኛ ሆነህ የምትጫወተው ጨዋታ ነው። መኪና ትቀማለህ፣ ትተኩሳለህ፣ ፖሊስ ያሳድድሃል። ልዩ ያደረገው ግን ወንጀሉ አይደለም። በዚያ ዘመን አብዛኛው ጨዋታ መንገዱ አንድ ነበር፤ ወደፊት ብቻ። ጂቲኤ ከተማውን ከፍቶ ያስረክብሃል። የሚሰጥህን ሥራ፣ ማለትም ሚሽኑን፣ ከፈለግህ ትሠራለህ። ካልፈለግህ ቀኑን ሙሉ በብስክሌት ስትዞር ትውላለህ። «ክፍት ዓለም» የሚሉት ይህንን ነው።

ሠሪው ስኮትላንድ፣ ኤደንብራ ከተማ ያለው ሮክስታር ኖርዝ ነው። ሦስተኛው ጂቲኤ በ2001 ወጣ። ቫይስ ሲቲ በ2002 ተከተለ። ሳን አንድሪያስ በኦክቶበር 2004 ለፕሌይስቴሽን 2 ማጫወቻ፣ በ2005 ደግሞ ለኮምፒውተር መጣ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ከዚያ ወዲያ ከ27 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። እኛ በአንድ ዲስክ መቶ ልጅ የተጫወትነው እዚህ ቁጥር ውስጥ የለንበትም።

ታሪኩ በ1992 ይጀምራል። ሲጄ የሚባል ወጣት ከአምስት ዓመት በኋላ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል። እናቱ ተገድላለች። ገና ከአውሮፕላን ማረፊያ ሲወጣ ብልሹ ፖሊሶች ይይዙታል፣ ገንዘቡን ይቀሙታል፣ ጠላት ሰፈር ወስደው ይጥሉታል። ከዚያ አንዲት ብስክሌት አንስቶ ወደ ግሮቭ ስትሪት ይጋልባል።

ያችን ብስክሌት ስንት መቶ ጊዜ እንደነዳኋት አላውቅም። ምክንያቱም ጌም ቤት ውስጥ ሜሞሪ ካርድ የለም። ማለቴ ባለቤቱ አንድ ነበረው፤ ግን ኪሱ ውስጥ ነው። ጨዋታውን ሴቭ ማድረግ፣ ማለትም የደረስክበትን ማስቀመጥ፣ አይቻልም። በሰዓት ትከፍላለህ። ሰዓትህ ሲያልቅ «ተነሣ፣ ተራ አለ» ትባላለህ። ወይ መብራት ይሄዳል። ነገ ስትመጣ ሲጄ እንደገና ከአውሮፕላን ይወርዳል፣ እንደገና ይቀማል፣ እንደገና ብስክሌቷን ያነሳል። እንግሊዝኛውም የሰፈር እንግሊዝኛ ስለሆነ አልገባንም። እናም የደሴ ልጅ የሳን አንድሪያስን የመጀመሪያ ሦስት ሚሽን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ያውቃል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። መጨረሻውን ግን የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ራሴ የጨረስኩት ሥራ ይዤ፣ ኮምፒውተር ገዝቼ ነው። ስለዚህ ሁለት ሳን አንድሪያስ አውቃለሁ። አንደኛው የጌም ቤቱ ነው፤ ኮድና ዝውውር ብቻ። ሁለተኛው የጨረስኩት ነው። አንደኛው ያበደ ጨዋታ ነው። ሁለተኛው ላይ ቅሬታ አለኝ።

መጀመሪያ ከቫይስ ሲቲ ምን አሻሻለ የሚለውን እንይ። የቫይስ ሲቲው ሰውዬ ጦር ሠራዊት ብቻውን ይገጥማል። ውሃ ውስጥ ከገባ ግን ይሞታል። ዋና አይችልም። በደሴት ከተማ የሚኖር ወንጀለኛ! ሲጄ ይዋኛል። አጥር ይዘልላል። ብስክሌት ይነዳል፣ ከአውሮፕላን በጃንጥላ ይወርዳል። ጂም ገብቶ ጡንቻ ያወጣል። ፀጉሩን ይቆረጣል፣ ልብስ ይለውጣል። በበላው ልክም ይወፍራል።

ይህ መብላት የሚባለው ነገር ጌም ቤቱን በሳቅ ያፈርሰው ነበር። ሲጄን ምግብ ቤት አስገብተን ትሪ በትሪ ላይ እናስበላዋለን። በመጨረሻ እዚያው ያስመልሰዋል። ከወፈረ በኋላ ሩጫ አይሆንለትም። ፖሊስ ሲያሳድደው ቁና ቁና ይተነፍሳል። በተቃራኒው ካላበላኸው ይከሳል። የጨዋታው አንድ ደቂቃ የእኛ አንድ ሰከንድ ነው። ስለዚህ አንድ ሙሉ ቀን 24 ደቂቃ ይሆናል። ሁለት ቀን ጾሙን ከዋለ መክሳት ይጀምራል። ለአንድ ሰዓት ከፍለህ ከተቀመጥክ ሲጄ ሁለት ቀን ተኩል ኖሯል ማለት ነው። አንዳንዱ ልጅ የምሳውን ሳንቲም ለጌም ቤት ሰጥቶ እሱ ራሱ ሳይበላ ሲጄን ያበላ ነበር።

ዛሬ ሳስበው ይህ ከተኩሱ የበለጠ ብልሃት ነበረው። ገጸ ባሕሪው ያንተ ይሆናል። የእኔ ሲጄና የጓደኛዬ ሲጄ አንድ ዓይነት አይደሉም። ከዚያ በፊት እንዲህ ዓይነት ነገር የምናውቀው ባለብዙ ጽሑፍ ከሆኑ ከባድ ጨዋታዎች ነው። እነዚያ ደግሞ ጌም ቤት አይመጡም። ዊኒንግ ኢለቨን የሚባለው የኳስ ጨዋታ እያለ ማን ያያቸዋል?

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ።

ሐረጎን በክረምት የወረደ ሰው ይህን ለመረዳት ኮምፒውተር መማር አያስፈልገውም። ከደሴ ወጥተህ ወደ ኮምቦልቻ ስታቆለቁል ጉሙ መንገዱን ይውጠዋል። ሹፌሩ መብራት አብርቶ በዝግታ ይሳባል። የሚታየው የፊቱ አሥራ አምስት፣ ሃያ ሜትር ነው። ባሕር ዛፉ አንድ በአንድ ከነጩ ውስጥ ይወጣል፣ በጎንህ ያልፋል፣ ከኋላህ ይጠፋል። ታች ኮምቦልቻ መኖሯን የምታምነው ትናንትም ስለነበረች ነው እንጂ ስላየሃት አይደለም።

ሳን አንድሪያስ የሚሠራው እንዲሁ ነው። የፕሌይስቴሽን 2 ዋና ሜሞሪ፣ ማለትም ማሽኑ ሲሠራ ለጊዜው የሚይዝበት ቦታ፣ 32 ሜጋባይት ነበር። ዛሬ በስልክህ የምታነሳቸው ስምንት፣ አሥር ፎቶዎች ይሞሉታል። በዚያች ጠባብ ቦታ ሦስት ከተማ፣ ገጠር፣ በረሃና ተራራ አይገባም። ስለዚህ ማሽኑ አንተ ያለህበትን አካባቢ ብቻ ከዲቪዲው እያነበበ ያመጣል። ወደፊት ስትነዳ የፊቱን ያነባል፣ የኋላውን ይጥላል። ሎስ ሳንቶስ ስትሆን ሦስተኛዋ ከተማ ላስ ቬንቱራስ የለችም። እያጋነንኩ አይደለም፤ ሜሞሪው ውስጥ በእርግጥ የለችም። ዲስኩ ላይ ተኝታ ተራዋን ትጠብቃለች።

ማንበቡ ጊዜ ይፈጃል። ሕንፃው ተነብቦ ሳያልቅ አንተ ከደረስክ የምታየው ባዶ ሜዳ ነው። ስለዚህ ሠሪዎቹ ሩቁን በጭጋግ ሸፈኑትና ለማሽኑ ፋታ ሰጡት። ቫይስ ሲቲ ላይ ከአንዱ ደሴት ወደ ሌላው ስትሻገር ጨዋታው ቆሞ «ጠብቅ» ይልህ ነበር። ሳን አንድሪያስ ላይ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳትቆም ትነዳለህ። በዚያ ማሽን ይህን ማድረግ ቀላል ሥራ አልነበረም።

ጉሙ ያልታሰበ በረከትም አመጣ። የጨዋታው ካርታ በሙሉ ወደ 36 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ማለትም ስድስት በስድስት። ከደሴ ኮምቦልቻ መንገዱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ ሦስት ከተማ ያለው ያ ሁሉ አገር ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ቢለካ ሐረጎን ወርዶ አይጨርስም። ግን ማን አወቀ? መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። በከተሞቹ መካከል ኮረብታና ውሃ ገብቷል። ጭጋጉ ደግሞ ከፊትህ ያለውን አያሳይህም። የማይታይ ነገር መጠን የለውም። ሐረጎም ቢሆን በአየር ቢለካ አጭር ነው። በጉም ውስጥ ለተጓዘ ሰው ግን አያልቅም።

በዚያ ላይ መጀመሪያ ላይ የተከፈተልህ ሎስ ሳንቶስና በዙሪያው ያለው ገጠር ብቻ ነው። ወደ ሌሎቹ ከተሞች አለጊዜህ ከሄድክ አራት የፖሊስ ኮከብ ባንዴ ይወጣብሃል፤ ኮከቡ በበዛ ቁጥር ፖሊሱ ይበረታብሃል። እኛ ሜሞሪ ካርድ የሌለን ልጆች ታሪኩን ተጫውተን አናስከፍተው። ምርጫችን በኮድ ጄትፓክ፣ ማለትም ጀርባ ላይ ታዝሎ የሚያበርር ሞተር፣ አውጥቶ በሕገወጥ መንገድ መብረር ነው። ሄሊኮፕተር እየተኮሰብን የላስ ቬንቱራስን መብራት ከጭጋጉ ውስጥ ሲወጣ ያየንበት ምሽት አይረሳኝም። አሥር ሰው ከአንድ ቴሌቪዥን ኋላ ቆሞ ጸጥ አለ። አንድ ደቂቃ አልቆየንም፤ መትተው ጣሉን።

የሜሞሪው ጥበት ሌላም ነገር ያስረዳል። ብዙ ለፍተህ አንድ ብርቅ መኪና ታገኛለህ። አምስት ደቂቃ ሳትነዳው መንገዱ ሁሉ በዚያው መኪና ይሞላል። እኛ ጂን ነው ብለን ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ማሽኑ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ጥቂት የመኪና ዓይነት ነው። አንተ የያዝከውን መጣል አይችልም፤ ስለዚህ እሱኑ ያባዛዋል።

የጌም ቤቱ ማሽን ደግሞ ሌንሱ ደክሞ ነበር። ዲስኩ ተቧጭሯል። ፈጥነህ ስትነዳ ማንበብ ያቅተዋል። አስፋልቱ ይጠፋል፣ ሕንፃ የለም፣ ሲጄ ግራጫ ነገር ላይ ይሮጣል። ባለቤቱ ይመጣና ማሽኑን በጀርባው ይገለብጠዋል። ተገልብጦ ይሠራ ነበር! ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅ፣ እኛም አንጠይቅ።

ከጉሙ የተወለደ ሌላ ነገር ወሬ ነው። ጫካው ውስጥ ጎሽ የሚያህል ፀጉራም ሰው አለ ይባል ነበር። ፈረንጆቹም ቢግፉት ብለው ለዓመታት ፈልገውታል። ሠሪዎቹ የለም ብለው ተናግረዋል፤ በእርግጥም የለም። ግን በጭጋግ ውስጥ ግማሹ የተነበበ ዛፍ ሰው ይመስላል። የእኛ ጌም ቤት ውስጥ «በዓይኔ በብረቱ አየሁት» ብሎ የማለ ልጅ ነበር። እስካሁን አላፈረም።

ብርታቱን ብዙ አወራሁ። ድክመቱስ?

ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት ይባላል። ሳን አንድሪያስ እንደዚያች ሴት ነው። መዋኘት፣ መብረር፣ መደነስ፣ ቁማር፣ የመኪና እሽቅድምድም፣ ቤት መስበር፣ የሠፈር ጦርነት፣ የከባድ መኪና ሥራ፣ የፍቅር ቀጠሮ። አንዱንም አልተወ። ሰኞ ገበያ ገብቶ ሁሉን በትንሽ በትንሹ የሸመተ ሰው ቤቱ ሲደርስ ለወጥ የሚበቃ ሽንኩርት የለውም። ከእነዚህ ውስጥ ተደክሞበት የተሠራው መንዳቱና መዞሩ ነው። ዋናው ሥራ፣ ተኩሱ፣ ቀሽም ነው። ፕሌይስቴሽን ላይ ዒላማው በራሱ ይያዛል። ፊትህ አንዱ ቆሞ ይተኩስብሃል። ዒላማው ግን ጥግ ላይ የቆሙ አሮጊት ላይ ይሄዳል። እሳቸውን ለቀህ ወደ ጠላትህ እስክትዞር ሲጄ ሆስፒታል ደርሷል። ኮምፒውተር ላይ በማውስ ስለምታነጣጥር ይሻላል።

ከዚህ የባሰው የሚሽኑ አሠራር ነው። ሚሽን መሃል ላይ ማረፊያ የለም። አሥር ደቂቃ ነድተህ፣ ተኩሰህ፣ መጨረሻው ላይ ከሞትክ ሁሉም ዜሮ ነው። ከሆስፒታል ትወጣለህ፣ መሣሪያህ ተወስዷል፣ እንደገና ገዝተህ ሚሽኑ ወደሚጀመርበት ቤት ትነዳለህ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ይህ ከባድነት አይደለም። ከባድ ነገር ሲያቅትህ ትማርበታለህ። ይህ ግን ጊዜህን ነው የሚበላው። በሰዓት ለሚከፍል ልጅ ደግሞ ገንዘቡንም።

በጣም የሚታወቀው የባቡሩ ሚሽን ነው። ሲጄ ሞተር ሳይክል ይነዳል። ወፍራሙ ጓደኛው ቢግ ስሞክ ከኋላ ተቀምጦ ባቡር ላይ የቆሙትን ጠላቶች ይተኩሳል። ሰውዬው አይመታም። ባቡሩ ያመልጣል። ከዚያ ጥፋቱን ወደ ሲጄ ያዞራል፤ «አንተ ባቡሩን መከተል ብቻ ነበር የሚጠበቅብህ» ዓይነት ነገር ይለዋል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ዘዴው ባቡሩን ተጠግቶ አለመከተል ነው። ወደ ቀኝ ራቅ ብለህ ስትነዳ ስሞክ ከጎን ያያቸዋል፣ ይመታልም። ጨዋታው ግን ይህን አይነግርህም። «ተከተል» ብሎህ ሲያበቃ የሚያስቀጣህ መከተልህ ነው።

ሌላዋ የአሻንጉሊት አውሮፕላኗ ናት። ነዳጅ በያዘች ትንሽ አውሮፕላን ከተማ ላይ እየዞርክ ትመታለህ፤ ነዳጁ ከማለቁ በፊት ትመለሳለህ። ብዙ ሰው እዚህ ተስፋ ቆርጦ ጨዋታውን ትቷል። የሚያሳዝነው ታሪኩን ለመጨረስ ግዴታ አይደለችም። የበረራ ትምህርት ቤቱ ግን ግዴታ ነው። በ80,000 ዶላር የተጣለ አውሮፕላን ማረፊያ ትገዛለህ፣ ከዚያ ተማሪ ሆነህ ትቀመጣለህ። እኔ እዚያ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ዛሬም የቀለበቶቹን ልምምድ ሳይ እጄን ያልበኛል።

ታሪኩን በተመለከተ፣ መጀመሪያው በጣም ጥሩ ነው። ወንድሙ ስዊት ሲጄን ይቅር አላለውም፤ ሰፈሩን ጥሎ ስለሄደ። ብልሹው ፖሊስ ቴንፔኒ ሁለቱንም አንቆ ይዟል። የቴንፔኒ ድምፅ ሳሙኤል ኤል ጃክሰን ነው፤ በሚናገር ቁጥር ቤቱ ይቀዘቅዛል። ጉዳዩ ሰፈር ነው፤ ማን ጠበቀ፣ ማን ከዳ። ይህን ለመረዳት አሜሪካዊ መሆን አያስፈልግም። ደሴ ውስጥ ቧንቧ ውሃ ወይም ፒያሳ ያደገ ልጅም ይገባዋል።

ሲጄ ከተከዳ በኋላ ግን ጨዋታው ሦስት ከተማ ስላለው ብቻ ሲጄን በሦስቱም ያዞረዋል። እናቱን ሊቀብር የመጣው ልጅ የመንግሥት ሰላይ አገልጋይ ይሆናል። ከወታደር ካምፕ ጄትፓክ ይሰርቃል። ቁማር ቤት ይዘርፋል። ስዊትና ሰፈሩ ለረጅም ሰዓት ይረሳሉ። ጌም ቤት ሆኜ ያን ሁሉ ሰፊ አገር ወድጄው ነበር። ስጨርሰው ግን ታሪኩን የበተነው ይኸው ስፋት መሆኑን አየሁ። መጨረሻው ላይ ይመለሳል። ቴንፔኒ ፍርድ ቤት ነፃ ይወጣል፣ ከተማዋ በአመፅ ትቃጠላለች። ይህ በ1992 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሮድኒ ኪንግ የሚባለውን ጥቁር አሜሪካዊ የደበደቡት ፖሊሶች ነፃ ሲባሉ ከተነሳው እውነተኛ ብጥብጥ የተወሰደ ነው። ጥሩ መዝጊያ ነው። ብቻ ወደዚያ ከመድረስህ በፊት የሎስ ሳንቶስን ሠፈሮች ሲሶ ያህል በጦርነት መያዝ አለብህ። አንዱን ስትይዝ ሌላው ይወረራል። ሩቅ ሆነህ «ሠፈርህ ተነካ» የሚል መልእክት ይመጣል። ካልደረስክ ይሄዳል።

ሴቶቹ ላይ ብዙም አልቆይም፤ ጨዋታውም አልቆየባቸውም። ወይ እብድ ናቸው፣ ወይ ስጦታ ይጠብቃሉ። ጥቁር ሠፈርን በወሮበላ ብቻ ሣለው የሚለው ወቀሳም ከጅምሩ ነበረ፤ በከፊል እስማማለሁ።

ዕድሜን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልበል። ይህ የልጅ ጨዋታ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ ከ17 ዓመት በላይ ነበር የተባለው። በ2005 አንድ ተጫዋች ፋይሉ ውስጥ ሠሪዎቹ ዘግተው የተዉትን የወሲብ ክፍል አወጣው። አላጠፉትም ነበር፤ ሊያልቅ ከደረሰ ፕሮግራም ላይ አንድ ነገር ነቅሎ ማውጣት ሌላውን ሊያበላሽ ስለሚችል ዘግቶ መተው የተለመደ ነው። ደረጃው ወደ 18 ዓመት ከፍ አለ። የአንድ ዓመት ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ግን ትልልቆቹ ሱቆች 18 የተባለ ጌም አይሸጡም፤ ስለዚህ ከመደርደሪያ ወረደ። እኛ ጋ ዕድሜ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እናቴ ኳስ የምጫወት ይመስላት ነበር።

የታደሰው እትም የወጣው በኖቬምበር 2021 ነው። አሁን ያለው ኮምፒውተር ሜሞሪ ሞልቶታል፤ ከተሞቹን ሁሉ ባንዴ መያዝ ይችላል። ስለዚህ ጉሙን ገፈፉት። ሰው የሚወደው ሰፊ አገር በአንድ ቀን ጓሮ ሆነ። ተራራው ከከተማው አናት ላይ ቆሞ ታየ። ሕዝቡ ጉድ አለ። ዝናቡ ነጭ መስመር ይመስላል፣ የሱቅ ታፔላዎች ላይ ፊደል ተሳስቷል፣ ሰዎቹ እንደ አሻንጉሊት ሆነዋል። ሮክስታር በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። በ2024 በመጣ ማሻሻያ የድሮውን ብርሃንና ጭጋግ መመለስ የሚያስችል ምርጫ ተጨመረ። የእህቴ ልጅ ያንን ማሻሻያ አልጫነም ነበር። አንድ መልካም ነገር ግን አለው፤ ሚሽን ሲበላሽብህ ወዲያው እንደገና ያስጀምርሃል። ያ ሁሉ መመላለስ ቀርቷል።

የትኛውን ልጫወት ለሚል፣ ደካማ ላፕቶፕ ያለው ሰው የ2005ቱን የኮምፒውተር እትም ይፈልግ። 256 ሜጋባይት ሜሞሪ (ራም) ላለው ማሽን የተሠራ ነው፤ አብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ይሄዳል። ሴቲንግ ውስጥ «ፍሬም ሊሚተር» የሚለውን፣ የምስሉን ፍጥነት የሚገድበውን፣ ግን እንዳታጠፉት። ከጠፋ ጨዋታው ከልኩ በላይ ይፈጥንና መዋኘቱ ሳይቀር ይበላሻል።

እኔም ለልጁ ያንኑ አሮጌውን ጫንኩለት። አውሮፕላን አወጣ፣ ሽቅብ ተነሳ። ከታች ያለው መሬት ቀስ በቀስ ጠፋ። ፊቱ ላይ ግራጫ ብቻ ቀረ። መሪውን ግራ ቀኝ አዞረ።

«ጋሼ፣ ሳን ፊየሮ በየት በኩል ነው?»

«እኔ እንጃ» አልኩት።

ማታውን ኮድ ትቶ ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀመረ። ብስክሌቷን አነሳ። ከእራት በኋላ ባቡሩ ላይ ደረሰ። ወደ ቀኝ ራቅ በል ብየዋለሁ፤ አልሰማኝም። አራት ጊዜ ባቡሩ አመለጠው፣ አራት ጊዜ ተመልሶ ነዳ። አምስተኛው ላይ ራቅ አለ። ስሞክ አንዱን ጣለ። ሁለተኛውን ጣለ። ሦስተኛው ወደቀ። አንድ ሰው ቀረ።

መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል።

በጨለማው ውስጥ «ሴቭ አድርገህ ነበር?» አልኩት።

ዝም አለ።